ገና ላላለቀ የኢሜይል ፕሮግራም የተጠቃሚ መመሪያ እንዴት ይጻፋል?

ወለላ_መመሪያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

አንድ ክፍት ምንጭ የሆነ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ) የኢሜይል ፕሮግራም ላይ በፈቃደኝነት እሠራለሁ። ኮድ አልጽፍም። የእኔ ድርሻ የተጠቃሚ መመሪያው ነው፣ በአማርኛ። ፕሮግራሙ አሁን ስሪት 0.6 ላይ ደርሷል። የሚሠሩት ሦስት ልጆች ናቸው፣ ሦስቱም ቀን ቀን ሌላ ሥራ አላቸው። ደብዳቤ ይቀበላል፣ ይልካል፣ አታች የተደረገ ፋይል ይከፍታል፣ ኢንተርኔት ሲጠፋም የወረደውን ያስነብባል። እኔን የሳበኝ ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም የምጽፍላቸው ሰዎች መምህራንና ትንንሽ ማኅበራት ውስጥ ያሉ ሠራተኞች ናቸው፣ ኔትወርክ ጠዋት ኖሮ ከሰዓት በሌለበት ቦታ ነው የሚውሉት፣ በብራውዘር የሚያነብ ሰው ደግሞ ኔት ሲሄድ የትናንቱን ደብዳቤ እንኳ ማየት ይቸግረዋል።

ችግሬ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ 0.4 ላይ እያለ 40 ገጽ ያህል ጻፍኩ። ከላይኛው ሜኑ ጀምሬ እስከ ታችኛው ድረስ፣ አንድም ሳልዘል። 0.5 ሲወጣ የፊልተር መስኮቱ ቦታ ቀየረ፣ አካውንት መክፈቻው ከአምስት ደረጃ ወደ ሁለት ወረደ። ከ22 ስክሪንሾት 17ቱ አረጁ። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ቁጭ ብዬ አስተካከልኩ። ከዚያ 0.6 መጣ፣ እንደገና ተቀየረ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት መምህርት ደወለችልኝ። «መመሪያሽ ላይ ያለው ነገር እኔ ጋ የለም። ኮምፒውተሬ ተበላሽቶ ይሆን?» አለችኝ። የያዘችው 0.5 ነው፣ መመሪያው የ0.6። ጥፋቱ የእሷ መስሏት ሁለት ቀን ስትፈልግ ከርማለች። ይሄ ከምንም በላይ አስከፋኝ።

እና ምን ላድርግ? ያለቀው ስሪት፣ 1.0፣ እስኪወጣ ልጠብቅ? ልጆቹ «እሱ እየተሠራ ነው፣ ጻፊው» የሚሉኝን ገና የሌለ ነገርስ መጻፍ አለብኝ? ስክሪንሾት ልተው? ሌላው ደግሞ ቃሉ ነው። ፕሮግራሙ ስክሪን ላይ በእንግሊዝኛ ነው፣ መመሪያው በአማርኛ። «አቃፊ»፣ «አዝራር»፣ «አባሪ» እያልኩ ልጻፍ ወይስ ሰው እንደሚያወራው «ፎልደር»፣ «አታችመንት» ልበል? ይሄን ሥራ የሠራችሁ ካላችሁ የሆነባችሁን ንገሩኝ።

የድሮ_ተርሚናል፦

እህቴ፣ አትጠብቂ።

ተንደርበርድ የሚባለው የታወቀ የኢሜይል ፕሮግራም 0.1 የወጣው እ.ኤ.አ. ጁላይ 2003 ነው። 1.0 የደረሰው ዲሴምበር 2004። ከ16 ወር በላይ ነው መካከሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰው ደብዳቤውን ያነብበትና ያስቀምጥበት ነበር። የአንድሮይድ ስልክ የኢሜይል ፕሮግራም የሆነውን ኬ-9 ሜይልንም ተመልከቺ። በ2008 ተጀመረ፣ በ2022 የተንደርበርድ ቤተሰብ ሆነ፣ በኦክቶበር 2024 «ተንደርበርድ ለአንድሮይድ» የሚባለው በእሱ ላይ ተሠርቶ ወጣ። የኢሜይል ፕሮግራም አለቀ ተብሎ የሚቆለፍበት ቀን የለም። 1.0ን ብትጠብቂ ከዚያ በኋላ 1.1 አለ።

የሚያለፋሽ ግን አጻጻፍሽ ነው፣ ይሄን በቅንነት ነው የምነግርሽ። ሜኑ በሜኑ ስትጽፊ ከፕሮግራሙ ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚለወጠውን ክፍል ይዘሽ ነው የምትሮጪው። ሜኑ ይለወጣል። ኢሜይል ራሱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ደብዳቤ መቀበያ መንገዶቹ፣ አይማፕ በበር ቁጥር (ፖርት) 993፣ ፖፕ በ995፣ መላኪያው በ465 ወይም በ587 መሆኑ ልጆቹ መስኮቱን አሥር ጊዜ ቢያዛውሩትም ያው ነው። አይማፕ ደብዳቤውን ሰርቨር (የኢሜይል ድርጅቱ ኮምፒውተር) ላይ ትቶ እንደሚያሳይ፣ ፖፕ ግን ወደ ኮምፒውተሩ አውርዶ ብዙ ጊዜ ከሰርቨሩ ላይ እንደሚያጠፋ ዛሬ ጽፈሽ ለዓመታት ላትነኪው ትችያለሽ። ስለዚህ ገጾችሽን በዕድሜያቸው ለያቸው። የማይለወጠውን ዘርዝረሽ ጻፊ። የሚለወጠውን አሳጥሪው፤ «ቅንብር ውስጥ አካውንት የሚለውን ይክፈቱ» በቂ ነው፣ ከላይ ሦስተኛው በስተቀኝ አራተኛው ማለት አያስፈልግም።

ደግሞ ሰው መመሪያ የሚከፍተው ሜኑ ሊማር ብሎ አይደለም። ደብዳቤው አልሄድ ብሎት ነው። የገጾችሽ ርዕስ ሰውየው የሚለውን ይሁን፦ «የላክሁት አልደረሰም»፣ «ፓስወርዴን አልቀበል አለኝ»፣ «ኔት የለም፣ የትናንቱን ማንበብ እፈልጋለሁ»።

አሁን የሆነብኝን ልንገርሽ፣ ጠይቀሻልና። ከዓመታት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት እንዲሁ ገና ባላለቀ ፕሮግራም ላይ መመሪያ ጻፍኩ። ፖፕ እንዴት እንደሚከፈት በደንብ አስረድቻለሁ፣ ደረጃ በደረጃ። «ቅጂው ሰርቨር ላይ ይቅር» የምትለው ሳጥን በዚያን ጊዜ ገና አልተሠራችም ነበር። ልጆቹ በቅርቡ ትገባለች አሉኝ። እኔም ስትገባ እጽፈዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ርዕሰ መምህሩ መመሪያዬን ተከትለው አካውንታቸውን በጸሐፊያቸው ኮምፒውተር ላይ ከፈቱ። የሦስት ዓመት ደብዳቤ ወርዶ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ቀረ። ክረምት ላይ ሃርድ ዲስኩ ሞተ። የተማሪዎች ዝውውር፣ ከወረዳ ጋር የተጻጻፉት፣ ሁሉም ሄደ። እሳቸው አልተቆጡኝም። «መመሪያው ላይ የለም ነበር እኮ» ብቻ አሉ። እስከ ዛሬ ትሰማኛለች ያቺ ቃል።

ከዚያ ወዲህ ላላለቀ ፕሮግራም መጀመሪያ የምጽፈው ገጽ «ዛሬ የማይሠራው» የሚለው ነው። በመጨረሻ አይደለም፣ በመጀመሪያ። ቅደም ተከተሉም በጉዳቱ ነው፤ ደብዳቤ ሊያጠፋ የሚችል ነገር ካለ ከሁሉ በላይ ይቀመጣል፣ ቀለሙ የማያምር አዶ ግን እዚያ ገጽ ላይ ቦታ የለውም።

ቢኒ_ከኮዱ_ወገን፦

እኔ ፕሮግራመር ነኝ፣ መመሪያ ጸሐፊዎችን ካስቸገሩት ወገን። የድሮ_ተርሚናል ባለው ላይ ልጨምር።

መምህርቷ ላይ የደረሰው ነገር ዋናው መፍትሔ ከአጻጻፉ አይመጣም። መመሪያው ያለው የት ነው? ድረ ገጽ ላይ ከሆነ እሷ ያየችው ሁልጊዜ የአዲሱን ነው። ኮምፒውተሯ ላይ ያለው ግን ማን ያውቃል በማን ፍላሽ የመጣ 0.5 ነው። እኛ አገር ፕሮግራም የሚጓዘው እንደዚያ ነው፣ አንዱ ያወርደዋል፣ አሥር ሰው በፍላሽ ይወስደዋል። ስለዚህ መመሪያው ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይታሸግ። ኤፍ1 የምትለው ቁልፍ ስትጫን የሚከፈተው እዚያው ውስጥ ያለ ፋይል ይሁን። ያን ጊዜ 0.5 የያዘ ሰው የ0.5ን መመሪያ ነው የሚያየው፣ ኔት ባይኖርም ይከፈትለታል። አንቺ ራስሽ እኮ ሰዎቼ ኔት የላቸውም ብለሻል፣ መመሪያው ኔት ላይ ብቻ መኖር የለበትም።

ለዚህ መመሪያው ኮዱ ያለበት ሪፖ (የፕሮጀክቱ የጋራ ማከማቻ) ውስጥ መግባት አለበት። በማርክዳውን፣ ማለትም በተራ ጽሑፍና በቀላል ምልክቶች፣ ጻፊው፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ከዚያ ልጆቹን አንድ ሕግ አስገቢያቸው፦ ስክሪን ላይ የሚታይ ቃል ወይም ቦታ የሚቀይር ሰው በዚያው ፑል ሪኩዌስት (የኮድ ለውጡ ይግባልኝ የሚለው ጥያቄ) ውስጥ መመሪያውን ይቀይራል፣ ካልቻለ ስምሽን ጠርቶ ያሳውቅሻል፣ ያለዚያ ኮዱ አይገባም። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ። እኛም አጉረምርመን ነበር። ግን ጸሐፊው አዲሱ ስሪት (ሪሊዙ) ከወጣ በኋላ ከሚሰማና እኛ ከመቀየራችን በፊት ከሚሰማ የትኛው እንደሚሻል ለማንም ግልጽ ነው።

ከቻላችሁ አንድ ደረጃ ወደፊት ሂዱ። ስክሪን ላይ የሚታዩት ቃላት አብዛኛውን ጊዜ ኮዱ ውስጥ አንድ ፋይል ላይ ተሰብስበው ነው የሚቀመጡት፣ እያንዳንዳቸው መለያ አላቸው። መመሪያው ላይ ቃሉን በእጅሽ ከመጻፍ መለያውን ጻፊ፣ ሲታሸግ ትክክለኛው ቃል ራሱ ይተካል። መለያው ከጠፋ ማሸጉ ይቆማል። እኛ ጋ አንዱ «ፊልተርስ» የሚለውን አጥፍቶ «ሩልስ» በሚል ሌላ ሲተካ መመሪያው አልታሸግ አለ፣ ሪሊዝ ከመውጣቱ በፊት አርብ ማታ አገኘነው።

ስለ «እየተሠራ ነው፣ ጻፊው»፦ አትጻፊ። በጭራሽ። የራስሽ እጅ ያልነካውን ነገር አትጻፊ። እኛ ፕሮግራመሮች በሐሳባችን የጨረስነውን ነገር ያለቀ አድርገን ነው የምናወራው፣ ውሸት አስበን አይደለም፣ እውነት ያለቀ ይመስለናል። ቁጥሩ 0 ብሎ የሚጀምር ፕሮግራም ማንኛውም ነገሩ በማንኛውም ጊዜ ሊለወጥ እንደሚችል ብዙዎች በሚከተሉት የስሪት አሰጣጥ ደንብ ራሱ ተቀምጧል። «በቅርቡ ይመጣል» የሚለውን ሐረግ ከመመሪያው ውስጥ ፈልገሽ ሰርዢው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው። ስትጽፊ «አንዳንዴ»፣ «ምናልባት»፣ «ካልሆነ ደግሞ ዘግተው ይክፈቱት» የሚል ቃል ከብዕርሽ ከወጣ እሱ መመሪያ አይደለም፣ እሱ የፕሮግራሙ ስህተት ነው፣ ኢሹ (ለፕሮግራመሮቹ የሚቀርብ የችግር ማስታወቂያ) ክፈችበት። አንዲት ሳጥን ለማስረዳት ሦስት አረፍተ ነገር ከፈጀብሽ ጥፋቱ የሳጥኗ ነው። አብራን የምትሠራ ጸሐፊ በአንድ ወር 31 ኢሹ ከፈተችልን። ከእነዚያ ውስጥ አራቱ እኛ በዓመት ያላየናቸው ነበሩ። ፕሮግራሙ ሳያልቅ መመሪያ መጻፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ካለቀ በኋላ ብትነግሪን ለመቀየር ይከብደናል።

ማኅደር_አሠልጣኝ፦

ወለሊ፣ የቃሉን ጉዳይ እኔ ልመልስልሽ። ለቢሮ ሠራተኞች የኮምፒውተር ሥልጠና እሰጣለሁ፣ ባሕር ዳር።

አንድ ጊዜ «አዝራሩን ጠቅ ያድርጉ» የሚል ወረቀት አዘጋጅቼ ሰጠሁ። መዝገብ ቤት ውስጥ 20 ዓመት የሠሩ እናት ነበሩ። ወረቀቱን አነበቡ። ስክሪኑን አዩ። እንደገና ወረቀቱን አነበቡ። ከዚያ ቀስ ብለው «አዝራር እንኳ የማውቀው የሸሚዝ ነው፣ የቱን ነው የምትይኝ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ስክሪኑ ላይ «ሴንድ» ነው የሚለው። እኔ ንጹሕ አማርኛ ልጽፍ ብዬ ሰውየዋ ከሚያዩት ነገር አራቅኋቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝኩ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ቃል እንዳለ፣ በሚታይበት ፊደል፣ ደመቅ አድርጌ እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ ሲመጣ አንድ ጊዜ ብቻ በአማርኛ አስረዳለሁ፦ ድራፍት ማለት ጀምረው ያልላኩት ደብዳቤ ነው። ከዚያ በኋላ ድራፍት እያልኩ እቀጥላለሁ። ሰው በአፉ የያዘውን አማርኛ ደግሞ አልጥልም። «አይፈለጌ መልእክት» የሚለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ስልኩም ጂሜይሉም ላይ አይቶታል። «የይለፍ ቃል» ም እንደዚያው። «አቃፊ» ግን እኔ ካሠለጠንኳቸው ውስጥ ሳላስረዳው የገባው ሰው ትንሽ ነው፣ ፎልደር ስል ሁሉም ይገባዋል። ለማወቅ ሩቅ አትሂጂ። ሦስት ሰው አጠገብሽ አስቀምጪ፣ ገጹን ስጫቸው፣ አፍሽን ዝጊ። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው። የት ላይ ጣታቸው እንደሚቆም እዪ፣ የቆመችበት ቃል ትቀየር።

አንቱታውንም አጽኚው። «ይጫኑ» ብለሽ ከጀመርሽ እስከ መጨረሻው «ይጫኑ» ይሁን፣ መሀል ላይ «ተጫን» ካለ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል፣ ለትልቅ ሰውም ያስከፋል።

የፓስወርዱን ገጽ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሚው። ከ10 ሰው አብዛኛው የሚወድቀው እዚያ ነው። ጂሜይል ከእ.ኤ.አ. ሜይ 2022 መጨረሻ ወዲህ ለግል አካውንት ተራውን ፓስወርድ ብቻ ከሚያስገባ የውጭ ፕሮግራም አይቀበልም። ወይ ፕሮግራሙ ብራውዘር ከፍቶ ከጉግል ፈቃድ መጠየቅ አለበት፣ ወይ ሰውየው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርቶ ባለ16 ፊደል የመተግበሪያ ፓስወርድ ማውጣት አለበት። አውትሉክም የግል አካውንቶች ላይ በሴፕቴምበር 2024 ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። የእናንተው ፕሮግራም ብራውዘር ከፍቶ የማስፈቀዱ ነገር ካልተሠራለት ይሄ «ዛሬ የማይሠራው» ገጽ ላይ ከላይ ይግባ፤ ምክንያቱም ሰው ትክክለኛ ፓስወርዱን አስገብቶ «ተሳስተሃል» ሲባል ፓስወርዱን ይቀይራል፣ ደግሞ ይቀይራል፣ በመጨረሻ ስልኩ ላይ የነበረውንም ይዘጋዋል። አይቻለሁ።

ሁለት ነገር ደግሞ የውጭ መመሪያ ላይ አታገኚም፣ ለእኛ ሰው ግን የግድ ናቸው።

አንደኛው ሰዓት ነው። ፕሮግራሙ ቆይቶ መላክ ከቻለ አደራሽን ሰዓቱን ጻፊ። አንዷ ሠልጣኝ ሪፖርቷ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንዲሄድላት ብላ 3 ብላ ሞላች። ደብዳቤው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሄደ፣ አለቃዋ «ሌሊት ትሠሪያለሽ እንዴ?» አሏት። «የጠዋቱን 3 ሰዓት ከፈለጉ 9 ብለው ይሙሉ» የምትል አንድ መስመር ይበቃል። የተላከበት ሰዓት ሲታይም ያው ነው።

ሁለተኛው ፍለጋ ነው። «ኃይሌ» ብሎ የጻፈ ሰው «ሃይሌ» ብሎ የተላከለትን አያገኝም። «ዓለሙ» እና «አለሙ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ ለእኛ አንድ ነው፣ ለፕሮግራሙ ሌላ ሌላ ፊደል ነው። ሰው ደብዳቤው የጠፋ ይመስለዋል። እስኪሠራ ድረስ «በስም ካጡት በላኪው ኢሜይል አድራሻ ይፈልጉ» በይ። ለቢኒ ወገኖች ደግሞ ኢሹ ክፈችላቸው፣ ይሄ እኛ ካልነገርናቸው ማንም አይነግራቸውም።

የደሴ_ልጅ፦

በብዙው እስማማለሁ፣ ግን የቢኒ መለያ የመተካቱ ነገር ለሦስት ሰው ፕሮጀክት ከባድ ይመስለኛል። አሁን ያን ስትገነቡ ሁለት ወር ይሄዳል፣ መምህርቷ እስከዚያ ያለ መመሪያ ትቀመጣለች። መመሪያውን አብሮ ማሸጉን ብቻ ውሰዱ፣ ሌላው ይቆይ።

የድሮ_ተርሚናል «ዘርዝረሽ ጻፊ» ያለውንም ትንሽ ልግፋ። እኔ የምለው 40ውን ገጽ ወደ 6 አውርጂው ነው። ምክንያቴ ይሄ ነው። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። አጎቴ ደሴ የዕድራቸው ጸሐፊ ነው፣ ውጭ ያለን አባላት መዋጮ የላክንበትን ደረሰኝ በኢሜይል ነው የምንሰድለት። ፕሮግራሙን ስናስገባለት መመሪያውን ይዤ በስልክ እያነበብኩለት ነው የሄድነው። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይጫናል። ያኔ ነው ስክሪንሾት ምን ያህል እንደማይረዳ የገባኝ። «ቀዩ ክብ ያለበትን ይጫኑ» ይላል መመሪያው። ክቡ ያለው እኔ ወረቀት ላይ ነው፣ አጎቴ ስክሪን ላይ ምንም ክብ የለም። በመጨረሻ የረዱን ቃል ያላቸው አረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው፣ «ከላይ በስተግራ ‹ራይት› የሚል አለ» ዓይነቶቹ። በስልክ የሚነበብ መመሪያ ጻፊ። ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ያለ ሥዕል ከገባ ገባ ማለት ነው።

አጎቴ መሀል ላይ አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ አሁንም አስባታለሁ። «ይሄን ሳጥን ቲክ ባደርገው መመለስ እችላለሁ?» መመሪያው ለዚህ መልስ አልነበረውም። የትኛው ነገር እንደሚመለስና የትኛው እንደማይመለስ ብትጽፊላቸው ሰው አይፈራም፣ ራሱ ይሞክራል።

የድሮ_ተርሚናል፦

የደሴ ልጅ እውነት አለህ፣ «ዘርዝረሽ» ያልኩትን እመልሳለሁ። የሚመለስና የማይመለስ የሚለው እኔም መመሪያዬ ላይ ያልነበረ ነገር ነው። ስክሪንሾት ግን ጨርሰሽ አታውጪው ወለላ። አንድ አስቀሪ፣ ፕሮግራሙ ተከፍቶ ሲታይ ያለውን ሙሉ መስኮት፣ ሰው «አዎ፣ የያዝኩት ይሄንኑ ነው» እንዲል። እሷን በየሪሊዙ መቀየር አምስት ደቂቃ ነው።

ወለላ_መመሪያ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ትናንት ልጆቹን አነጋገርኩ። መመሪያው ከ0.7 ጀምሮ አብሮ ይታሸጋል፣ ኤፍ1 ላይ። የመለያው ነገር ለጊዜው ቀርቷል። የማስፈቀጃውን ነገር ስጠይቃቸው ጂሜይል ላይ በብራውዘር ማስፈቀዱ እንዳልተሠራ አመኑ፤ እኔ ሁልጊዜ የራሴን ሌላ አካውንት እየተጠቀምኩ ስለነበር አላየሁትም። መምህርቷንም ደውዬ ኮምፒውተሯ ደህና እንደሆነ፣ ጥፋቱ የመመሪያው እንደነበር ነገርኳት።

የመጀመሪያውን ገጽ ማታ ጻፍኩት። የእንግሊዝኛውን ቃል እዚህ በእኛ ፊደል አደረግሁት እንጂ መመሪያው ላይ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ነው። እስቲ እዩልኝ፦

«ይህ ገጽ የተጻፈው ለ0.6 ነው። የእርስዎ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ‹ሄልፕ› የሚለውን ከፍተው ‹አባውት› የሚለውን ይጫኑ። ቁጥሩ ሌላ ከሆነ እዚህ ያለው ነገር እርስዎ ጋ ላይኖር ይችላል፤ ኮምፒውተርዎ አልተበላሸም።

ፕሮግራሙ ገና አላለቀም። ደብዳቤ መቀበል፣ መላክና ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይሠራል። ከመጀመርዎ በፊት ግን እነዚህን ይወቁ።

አካውንት ሲከፍቱ ‹አይማፕ› የሚለውን ይምረጡ። ‹ፖፕ› ከመረጡ ደብዳቤዎ ወደዚህ ኮምፒውተር ይወርድና ከሰርቨሩ ይጠፋል። ይህ አይመለስም።

የጂሜይል ተራ ፓስወርድ እዚህ አይሠራም። ትክክለኛውን ቢያስገቡም ‹ሮንግ ፓስወርድ› ይላል። ፓስወርድዎን አይቀይሩ። የመተግበሪያ ፓስወርድ እንዴት እንደሚወጣ ገጽ 2 ላይ አለ።

ስም ሲፈልጉ በ‹ሃ›ም በ‹ኃ›ም ይሞክሩ። ካጡት በላኪው ኢሜይል አድራሻ ይፈልጉ። ደብዳቤው አልጠፋም።»

ማኅደር_አሠልጣኝ፦

በጣም ጥሩ ነው። «ኮምፒውተርዎ አልተበላሸም» የምትለዋን አትንኪያት። አንድ ቃል ብቻ፦ «ሰርቨር»። መዝገብ ቤቷ እናቴ እዚያ ላይ ይቆማሉ። መጀመሪያ ስትመጣ «ሰርቨር ማለት ደብዳቤዎ የሚቀመጥበት የኢሜይል ድርጅቱ ኮምፒውተር ነው» በያት።

የድሮ_ተርሚናል፦

ፖፕን አስቀድሞ የመረጠ ሰውስ? ገጽሽን የሚከፍተው ደብዳቤው ስልኩ ላይ ሲጠፋበት ነው። ለእሱ ምንም የለውም።

ወለላ_መመሪያ፦

ልክ ነህ ጋሼ። ልጆቹን ጠይቄ እኔም በራሴ ሞክሬ ይቺን ጨመርኩ፦

«አስቀድመው ‹ፖፕ› መርጠው ከሆነ አካውንቱን አያጥፉት። የወረደው ደብዳቤ ያለው እዚህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ፕሮግራሙን ዝጉና ‹ሜይል› የሚለውን ፎልደር ሙሉውን ወደ ፍላሽ ኮፒ ያድርጉ። ከዚያ ፕሮግራሙን ከፍተው በአካውንቱ ቅንብር ውስጥ ‹ሊቭ ኮፒ ኦን ሰርቨር› የሚለው ላይ ቲክ ያድርጉ። ከአሁን በኋላ የሚመጣው ሰርቨሩም ላይ ይቀራል።»

«ዝጉና» የሚለውን አሁን አየሁት፣ «ይዝጉና» ነው። አስተካክዬ ሐሙስ ለመምህርቷ አነብላታለሁ፣ በስልክ።